በኢንተርኔት የሚሰጥን በጎ ፈቃድ ማን ይቀበለው? ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ በበጎ ፈቃድ ሥራ በተሰማራን ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በኢንተርኔት አማካይነት ከርቀት የሚሰጠውን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አጥብቆ ይተቻል። ጸሐፊው በከተማችን የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ለዓመታት የተሳተፉ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ ጭቃ ያቦኩ፣ በሐይቁ ዳር ፕላስቲክ የለቀሙ፣ ደም ለመለገስ የተሰለፉ ሰው ናቸው። ትችታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በአካል ያልተገኘ ሰው ረዳሁ ሊል አይችልም፤ ነገሩ ከኮሮና ወዲህ የመጣ ፋሽን ነው፤ ዕድሉ ላፕቶፕና እንግሊዝኛ ላላቸው ጥቂቶች ብቻ የተከፈተ ነው፤ ጥቅሙም ለውጭ ድርጅቶች እንጂ ለሐዋሳ አይደለም፤ ተመዝጋቢው ሲያሻው ይገባል፣ ሲያሻው ይጠፋል፤ የተረጂው ምስጢር ለማይታወቅ ሰው ተላልፎ ይሰጣል፤ ወጣቱን ከሰፈሩና ከእድሩ ይነጥለዋል፤ የአብዛኛው ተሳታፊ ዓላማም ሰርተፍኬት ነው። ከዚህ ተነሥተው የወጣት ማዕከላትና የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች በኢንተርኔት የተሠራን ሥራ በበጎ ፈቃድ ሰዓትነት እንዳይቆጥሩ ሐሳብ ያቀርባሉ።

እኔ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ እየቀዳ የሚያቀርብ አንድ አነስተኛ ስብስብ ከሚያስተባብሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። አንባቢዎቻችን በሐዋሳ፣ በአዳማ፣ በአዲስ አበባና ከአገር ውጭ ይኖራሉ፤ አብዛኞቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ስለዚህ ትችቱ በቀጥታ ይነካኛል፤ ገለልተኛ ነኝ ማለትም አይቻለኝም። ከነጥቦቹ መካከል የምስማማባቸው አሉ። ድምዳሜውን ግን የማልቀበለው፣ ጸሐፊው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የመረመሩት ሰጪውን ብቻ ስለሆነ ነው። ከርቀት የሚሰጥ አገልግሎት ሲሳካም ሆነ ሲከሽፍ ምክንያቱ በአብዛኛው የሚገኘው በዚህኛው ጫፍ፣ ሥራውን ቆርጦ በሚሰጠው፣ በሚያርመውና በሚገለገልበት ተቀባይ ዘንድ ነው። ስለዚህ ጫፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም።

በአካል ስለመገኘት ከተነሣው ልጀምር። ቤት ሲታደስ የጸሐፊው አባባል ያለ ጥርጥር እውነት ነው፤ ቆርቆሮ በኢንተርኔት አይመታም። ይሁን እንጂ ችግር ሁሉ የጣሪያ ችግር አይደለም። ማየት የተሳነው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ስልኩ ላይ አለ እንበል። ገጾቹ እንደ ፎቶግራፍ ስካን ተደርገው የገቡ ከሆነ፣ ስክሪን አንባቢ የሚባሉት፣ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ፊደል ስለማያገኙባቸው ባዶ ወረቀት ይሆኑባቸዋል። ኤንቪዲኤን የመሰለ በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም አማርኛንም ጭምር በድምፅ ያነባል፤ ግን በፊደል የተተየበ ጽሑፍ ሲያገኝ ነው። እናም ተማሪው ሰው ያስፈልገዋል። በተለመደው አሠራር የክፍል ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ያነብለታል፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ጓደኛውም የራሱን ጥናት ስለሚይዝ ንባቡ የሚቋረጠው በጣም በሚፈለግበት ሳምንት ነው። በድምፅ የተቀዳ ምዕራፍ ሌሊትም ይደመጣል፣ አሥር ጊዜም ይደገማል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ይተርፋል። አንባቢዋ አዳማ ሆና ብታነበውም ሐዋሳ ሆና ብታነበው ለአድማጩ ልዩነት የለውም።

ልዩነት የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። የባዮሎጂውን መጽሐፍ የሚያነብ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ስለ ልብ ወደሚናገረው ክፍል ሲደርስ፣ ሥዕሉን ተመልከቱ የሚለውን መስመር አንብቦ ያልፋል። ሥዕሉ ለእሱ ፊት ለፊቱ ስላለ ያለፈው ነገር መኖሩ አይታወቀውም። ቅጂው ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዳምጠው ራሱ ማየት የተሳነው ተመራቂ ነው፤ ስንት ክፍሎች አሉ፣ ደም ከየት ገብቶ በየት ይወጣል፣ የትኛው ግድግዳ ወፍራም ነው እያለ ጥያቄ አስከትሎ ይመልሰዋል። አንባቢው ሥዕሉን በቃል ለመግለጽ ሲሞክር ደግሞ ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ በመጽሐፍ ላይ የልብ ቀኝ ክፍል የሚሣለው በተመልካቹ ግራ በኩል ስለሆነ፣ ያየውን እንዳየ ቢናገር ተማሪውን ያሳስታል። ስለዚህ የምንሰጠው መመሪያ ሥዕል ሲገለጽ ግራና ቀኝ የማን እንደሆነ አስቀድሞ እንዲነገር ያዛል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለከበዱ ቃላት የአማርኛ ማብራሪያ ይጨመራል፤ አስተማሪው ገጽ 74ን አውጡ ሲል ተማሪው እንዲያገኘው፣ አንባቢው ገጽ በገለበጠ ቁጥር የገጹን ቁጥር ይጠራል። ይህ ሁሉ መመሪያ የተጻፈው በሐዋሳ ነው፤ የጻፉትም የሚገለገሉበት ሰዎች ናቸው። መመሪያው ባይኖር አንባቢው ከተማሪው አጠገብ ተቀምጦም ቢሆን ሥዕሉን አንብቦ ማለፉ አይቀርም ነበር። በመገኘት ብቻ የሚመጣ ጥራት የለም።

ከኮሮና ወዲህ የመጣ ፋሽን ነው የተባለው ደግሞ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ማይክል ሃርት የተባለው አሜሪካዊ መጻሕፍትን በኮምፒውተር እየተየበ ለሁሉም በነፃ የማዳረሱን ሥራ፣ ኋላ የጉተንበርግ ፕሮጀክት የተባለውን፣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ በጎ ፈቃድ እንዴት መመራት እንዳለበት የሚያጠናና ድርጅቶችን የሚያማክር ፕሮጀክት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም የኢንተርኔት አገልግሎቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ የእኛው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በተቋቋመበት ዓመት መሆኑ ነው። የጽሑፉን ዋና ክርክር ባይነካውም፣ ልማዱ ገና ትናንት ስለመጣ ነገ ይጠፋል ለሚል ስሌት ግን መነሻውን ያሳጣዋል።

ሥራው ላላቸው ብቻ ነው የሚለው ትችት ግን ክብደት አለው፤ በሁለት በኩል ልየው። ዳታ ውድ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እንደሆነው በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሊቋረጥ ይችላል። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ የምዝገባ ገጾች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የስብሰባ ሰዓታቸውም ለእኛ አገር ሰው አያመችም። ይህንን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ኢንተርኔት የሚያስቀራቸውን ሰዎች ሲቆጥሩ፣ በአካል ተገኙ የሚለው ጥሪ የሚያስቀራቸውን አልቆጠሩም። የክረምቱ ሥራ የሚጠራው በሥራ ቀን ጠዋት ሲሆን በአብዛኛው ተማሪዎችን ታሳቢ ያደርጋል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት የምትሠራ ወጣት ከፈረቃዋ ወጥታ ችግኝ ለመትከል የት ትደርሳለች? ሕፃን የያዘች እናትስ? በዊልቸር የሚሄድ ወጣት ከባጃጅ ወርዶ እስከ ታቦር ተራራ ወገብ ማን ያደርሰዋል?

ከአንባቢዎቻችን አንዷ የፓርኩ ሠራተኛ ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ጸጥታ ስለማታገኝ፣ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች የሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ ትቀዳለች። ላፕቶፕ የላትም። ቀረጻው ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የግማሽ ሰዓት ንባብ ተጨምቆ ሲላክም ብዙዎቻችን ሳናስብ ከምናያቸው ቪዲዮዎች ያነሰ ዳታ ይወስዳል። ይህ የሆነው ሥራውን ከአቅሟ ጋር እንዲስማማ አድርገን ስለቆረጥነው ነው፤ በየቀኑ በጎግል ሚት ስብሰባ ተገኚ ብንላት ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትወጣ ነበር። ቅጂውን የሚያርመው ተመራቂም፣ በጽሑፉ አመዳደብ መሠረት፣ ተረጂ ተብሎ ከሚቆጠሩት ወገን ነው። ማየት የተሳነው ሰው በቤት እድሳትና በችግኝ ተከላ ቀን ሲጋበዝ ብዙውን ጊዜ ዳር ላይ ወንበር ይሰጠዋል፤ እዚህ ግን የሌላውን ሥራ መርምሮ አልተቀበልኩም የማለት ሥልጣን አለው።

ስለ ተጠቃሚው ማንነት ወደቀረበው ነጥብ ስመጣ፣ የጸሐፊው ምሳሌ የካርታ ሥራ ነው፤ ወጣቶች ሌት ተቀን የሳተላይት ፎቶ ላይ መስመር ሲያሰምሩ የሚጠቀመው ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ነው ይላሉ። ምሳሌውን ስለመረጡት አመሰግናለሁ፤ የእኔን ክርክር ከእሳቸው ይልቅ ያግዛልና። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ማንኛውም ሰው የሚያስተካክለው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሃይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የዋና ከተማዋ የፖርት ኦ ፕሪንስ ዝርዝር ካርታ በዚህ ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በልዩ ልዩ አገሮች የተቀመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሳተላይት ፎቶ እየተመለከቱ መንገዱን፣ የፈረሰውን ሕንፃና የመጠለያ ሰፈሩን በሳምንታት ውስጥ ሣሉት፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ካርታውን በያዙት መሣሪያ ላይ ጭነው ተጓዙበት። በዚያው ሰሞን ተጎጂዎች በ4636 አጭር ቁጥር በሃይቲ ክሪዮል የሚልኩትን መልእክት የአገሬው ተወላጆች ካሉበት አገር ሆነው ይተረጉሙ ነበር። ከትርጉሙ በላይ ያገለገለው ግን ሌላ ዕውቀታቸው ነው። መልእክት ላኪው ያለበትን ቦታ የሚናገረው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን ሰፈርተኛው በሚያውቀው ምልክት ስለሆነ፣ በዚያ ያደገ ሰው ብቻ ነበር ቦታውን ካርታ ላይ ሊያመለክት የሚችለው። ርቀት ማለት አለማወቅ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በአቶቴ ወይም በሪፈራል ሰፈር ያደገ፣ ዛሬ ግን በሌላ አገር የሚኖር የሐዋሳ ልጅ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ በስተጀርባ የሚለው አድራሻ ወዴት እንደሚያደርስ አይጠፋውም።

ሆኖም የካርታው ሥራ ጉድለት የሚታይበት ቦታም አለ፤ ከከተማችን ወጣ እንዳልን ይታያል። በሲዳማ ገጠር መኖሪያው በእንሰትና በቡና፣ በትልልቅ ዛፎችም ጭምር የተከበበ ስለሆነ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ብዙውን ቤት አያሳይም። ዛፍ በሌለበት አካባቢ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የጭድ ክምርም ጎጆም ከላይ ሲታዩ ክብ ናቸው፤ አገሩን የማያውቅ ሰው ክምሩን ቤት አድርጎ ይሥለዋል። የክትባት ዘመቻ የሚያቅድ ሰው ይህንን ካርታ እንዳለ ቢወስደው ነዋሪ በሌለበት ክትባት ልኮ ነዋሪ ያለበትን ይዘላል። መፍትሔው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካና የብሪታንያ ቀይ መስቀል፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ሂዩማኒታሪያን ኦፕንስትሪትማፕ ቲም አብረው የጀመሩት ሚሲንግ ማፕስ የተባለው ሥራ ይህን በቅደም ተከተል ይፈታዋል፤ መጀመሪያ ከርቀት ያሉት ይሥላሉ፣ ቀጥሎ በቦታው ያሉ ሰዎች ስም ይሞሉበታል፣ ስህተቱን ያርማሉ፣ ከዚያ በኋላ የእርዳታ ሠራተኛው ይጠቀምበታል። መካከለኛው እርከን ሲጎድል ካርታው በእርግጥም የባሕር ማዶ ሰው መጫወቻ ሆኖ ይቀራል። ጉድለቱ የሚሞላው ግን መካከለኛውን እርከን የሚይዝ ሰው በማዘጋጀት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እዚሁ መኖር አለበት።

ጥቅሙ ወደ እኛ የማይመጣ ከሆነ የአማርኛውን የድምፅ ክምችት ምን እንለዋለን? ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ የሚሠራው ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ኮመን ቮይስ በተባለው ሥራ ሰዎች ዓረፍተ ነገሮችን በድምፃቸው እያነበቡ ይለግሳሉ፤ ሌሎች ያዳምጡና ትክክል ነው አይደለም ይላሉ፤ ክምችቱም ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ይለቀቃል። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የአማርኛ ፕሮግራም ለመሥራት የሚፈልግ የሐዋሳ ተማሪ ክምችቱን ለማግኘት ማንንም ደጅ መጥናት አይኖርበትም።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትን አንድ ነገር ልጨምር። በጀት ያለው ድርጅት ለውጭ አማካሪ ከፍሎ፣ ለአገር ውስጥ ተርጓሚ ሲሆን ግን ሥራውን በበጎ ፈቃድ ስም በነፃ ሲያሠራ፣ ነገሩ ብዝበዛ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኛም አንድ ድርጅት ለፕሮጀክቱ ሪፖርት ነፃ ተርጓሚ እንድናፈላልግለት ጠይቆን እምቢ ብለናል። ሊከፈልበት በጀት የተያዘለት ሥራ መከፈል አለበት። ይህ ግን ከርቀት በሚሠራውም ሆነ በአካል በሚሠራው ላይ እኩል የሚጸና ደንብ ነው፤ ያለ ደመወዝ ቢሮ ውስጥ ለወራት ፋይል ሲያደራጁ የሚከርሙ ወጣቶችን ሁላችንም እናውቃለን።

ይመዘገባሉ ይጠፋሉ የሚለው ትችት የጽሑፉ ረጅሙ ክፍል ሲሆን፣ ምሬቱም ከልምድ የመጣ ይመስላል። እውነት ነው፤ ይጠፋሉ። ከቴሌግራም ቡድን ሳይሰናበቱ ይወጣሉ፤ አነበዋለሁ ብለው የወሰዱትን ምዕራፍ ይዘው ዝም ይላሉ። ነገር ግን በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች የጠፋውን ሰው እየወቀሱ ጊዜ አያጠፉም፤ ሰው እንደሚጠፋ አስቀድመው ያውቁና ሥራውን በዚያ ልክ ያዘጋጁታል። ካርታ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ሥራ የሚረከቡበት ገጽ አካባቢውን በትናንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍለዋል፤ አንድ ሰው አንዱን ክፍል ሲወስድ ለሌላው ይቆለፋል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰ ግን ቁልፉ በራሱ ተከፍቶ ሥራው ለሌላ ሰው ይለቀቃል። ማንም አይጨቃጨቅም፤ ማንም ስልክ አይደውልም። የተጠናቀቀውንም ሌላ ሰው አይቶ ካላጸደቀው አላለቀም። ለጉተንበርግ ፕሮጀክት መጻሕፍትን የሚያርሙት በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠሩት ገጽ በገጽ ነው፤ አንድ ገጽ ከተለያዩ ሰዎች እጅ በየዙሩ ያልፋል፤ በቀን አንድ ገጽ ብቻ አርሞ የሚወጣ ሰውም የተሟላ ሥራ እንደሠራ ይቆጠራል። እኛም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለአንድ ሰው መስጠት ትተን በንዑስ ርዕስ ቆርጠን ማደል ከጀመርን ወዲህ፣ ሰው ሲጠፋ የሚጎድለው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው።

ደቦ የጠራ ገበሬ ሥራ ሳያዘጋጅ ቢቀር፣ የመጣው ሰው ማሳው ዳር ቆሞ ይውልና ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ደቦው መጥፎ ስለሆነ ግን አይደለም። የከተማችን ድርጅቶች ለርቀት በጎ ፈቃደኛ የሚያደርጉት አቀባበል በብዙ በኩል ይህንን ይመስላል። አንዲት ከውጭ አገር በሒሳብ አያያዝ ልታግዝ የፈለገች የሐዋሳ ልጅ፣ አንድ ስሙን የማልጠቅሰው የአካባቢያችን ማኅበር ጋር ለመሥራት ጻፈች። በደስታ ተቀብለናል የሚል መልስ መጣላት። ምን ልሥራ ስትል ግን የሚነግራት ሰው አልተገኘም፤ ደረሰኞቹ በካርቶን ውስጥ ነበሩ፤ ፎቶ አንሥቶ የሚልክላት ሰው አልተመደበም፤ ኢሜይሉን የሚከፍተው ልጅ ሥራ ለቀቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሷም መጻፍ ተወች። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከጠፉት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ሆና ሳትቆጠር አልቀረችም። ፈቃደኛ ሰው ማነስ እንኳ የዚህ ሥራ ችግር አይደለም። ሃንስ ዮርገን ዊበርግ የተባለው ዴንማርካዊ በጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2015 ለተጠቃሚ በቀረበው ቢ ማይ አይስ በተባለው የስልክ መተግበሪያ፣ ማየት የተሳነው ሰው የስልኩን ካሜራ ከፍቶ የመድኃኒት ጽሑፍ ወይም የልብስ ቀለም እንዲነገረው ሲጠይቅ፣ የሚያይ በጎ ፈቃደኛ ካለበት ሆኖ ይመልስለታል። በዚህ መተግበሪያ የተመዘገቡት በጎ ፈቃደኞች ከተገልጋዮቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ ጥሪ ሳይደርሰው ወራት የሚያልፉት በጎ ፈቃደኛም ብዙ ነው።

የምስጢር ጉዳይ ከሁሉም ትችት ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፤ ጸሐፊው በሁለት መስመር ብቻ ማለፋቸውም ይገርመኛል። የተረጂ ስም፣ ስልክ፣ የጤና ሁኔታና ፎቶግራፍ የያዘ ዝርዝር በቴሌግራም ሲላክ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝና የሚያስተላልፍ ሁሉ ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ነው። በጎ ፈቃድ ነው ብሎ ከዚህ መውጣት አይቻልም። ተግባራዊው ጥንቃቄ ግን ያን ያህል አይከብድም። መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው የተማሪው ስም አያስፈልገውም፤ ከምዕራፉ በቀር ምንም አንሰጠውም። በሒሳብ የሚያግዝ ሰው የተረጂውን ስም ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን ቢያይ ይበቃዋል። በቪዲዮ ከሕፃናት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አስጠኚ ከሆነ ግን ማንነቱ ሳይጣራ፣ ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ሌላ ትልቅ ሰው በማይገኝበት መገናኘት የለበትም፤ ይህን ማሟላት ያልቻለ ድርጅት ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው የበለጠ ጥብቅ ነኝ። ብቻ ተመሳሳዩን ጥብቅነት ለክረምቱ ሥራም እመኝለታለሁ፤ ቤታቸው የታደሰላቸው እናት በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ የተነሣ ፎቶ፣ እሳቸው ሳይጠየቁ ለስንት ሺህ ሰው ይሠራጫል?

ወጣቱን ከሰፈሩና ከእድሩ ይነጥለዋል ለተባለው ብዙ የምለው የለኝም። ሰፈሩን የሚሸሽ ወጣት ስልክ ባይኖረውም ይሸሻል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹን የማውቃቸው በእድርና በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመስጊድ ጀመዓና በወጣት ማዕከል በሚሳተፉ ሰዎች በኩል ነው፤ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው ነው እዚህም የሚሠራው።

ሰርተፍኬት ፍለጋን በተመለከተ ጸሐፊው ያዩትን እኔም አይቻለሁ፤ የከፋውንም ጨምሬ። በተባበሩት መንግሥታት ስም የኢንተርኔት በጎ ፈቃደኛ እናደርግሃለን እያሉ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች በየቴሌግራሙ አሉ። ትክክለኛው ፕሮግራም ከበጎ ፈቃደኛ ምንም ዓይነት ክፍያ አይጠይቅም፤ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው በነፃ የሚመዘገብበት ሲሆን፣ የሚጠበቅበት ሥራም በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ለወጣቱ መንገር ከጽሑፉ እጠብቀው የነበረ አገልግሎት ነው። ማስረጃ መፈለግን ራሱን ግን በነውርነት አላየውም፤ ሥራ ፈላጊ ወጣት በእውነት የሠራውን ሥራ በወረቀት ላይ ቢፈልገው ምን ያስቀይማል?

የቀረው የማጠቃለያ ሐሳባቸው ነው። በኢንተርኔት የተሠራ ሰዓት አይቆጠር ይላሉ። እኔ ደግሞ የማንም ሰዓት ባይቆጠር እመርጣለሁ። በችግኝ ተከላ ቀን ስሙን አስመዝግቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፒያሳ ቡና ሲጠጣ የሚገኝ ሰው ሙሉ ቀን ይጻፍለታል፤ ላፕቶፑን ከፍቶ ሌላ ሥራ ሲሠራ የዋለም እንዲሁ ሰባት ሰዓት ሠራሁ ቢል የሚያጣራ የለም። የወጣት ማዕከላቱ ሐምሌ ላይ ምዝገባ ሲከፍቱ፣ በእያንዳንዱ ማዕከል ከርቀት የሚመጣውን ሥራ የሚቀበል አንድ ሰው በስም ቢመደብ፣ ያ ሰው ከትምህርት ቤቶች፣ ከጤና ጣቢያዎችና ከእድሮች ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቆ ሥራውን በትንሽ በትንሹ ቢቆርጥ፣ የምስክር ወረቀቱም የሚጻፈው እሱ በተቀበለው ሥራ ልክ ቢሆን ክርክሩ ይቃለላል። ወረቀቱ ላይ የሰዓት ቁጥር አይኖርም፤ የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ እንደተነበበ፣ ሥዕሎቹ በቃል እንደተገለጹ፣ ቅጂው ሁለት ጊዜ ታርሞ ለተማሪዎች እንደደረሰ ይጻፋል፤ ከሥሩም ቅጂውን ያዳመጠውና የተቀበለው ሰው ይፈርማል። ለቤት እድሳቱም ቢሆን በዚሁ መንገድ፣ የቤቱ ባለቤት ጣሪያው እንደማያፈስ አይተው ቢፈርሙ እደግፋለሁ።